ኮርነር ሲመታብን ማን የት ይቁም? የማዕዘን ምት አከላከል ለአሰልጣኞችና ለአምበሎች

ኮርነር ሲሰጥብን ከየአቅጣጫው የሚሰማው ጩኸት አንድ ነው፦ «ሰው ያዝ! ሰው ያዝ!» ጥሪው ስህተት የለበትም፣ ግን ግማሽ ነው። ሁሉም ሰው ይዞ ሳለ ጎል የሚገባው ኳሱ የሚወድቅበት ቦታ ባለቤት ስለሌለው ነው። ያዥ የተባለው ተከላካይ ዓይኑን ከተጋጣሚው ላይ አይነቅልም፤ ኳሱ አየር ላይ መሆኑን የሚያውቀው አጥቂው ሲዘል ነው፤ ያኔ ደግሞ ረፍዷል።

እዚህ የምናቀርበው አሰላለፍ ሥራውን ለሁለት ይከፍለዋል። በጭንቅላት ጥሩ የሆኑት ተከላካዮች ቦታ ይይዛሉ፣ ኳሱንም ይገጫሉ። ሌሎቹ ሯጮቹን ያዘገያሉ፣ መግጨት አይጠበቅባቸውም። ይህ ልዩነት በእያንዳንዱ ተጫዋች አእምሮ ውስጥ በደንብ ከተቀመጠ ቀሪው ዝርዝር ነው።

ሜዳው በሜትር

ግቡ 7.32 ሜትር ይሰፋል፤ ከፍታው 2.44 ሜትር ነው። አምስት ከሃምሳ የምንለው ትንሹ ሳጥን ከየቋሚው 5.5 ሜትር ወደ ጎን፣ ከግቡ መስመር ደግሞ 5.5 ሜትር ወደ ፊት ይወጣል። የፍፁም ቅጣት ምት ነጥቡ 11 ሜትር ላይ፣ የትልቁ ሳጥን ጠርዝ 16.5 ሜትር ላይ ነው። 68 ሜትር በሚሰፋ ሜዳ ከማዕዘኑ ባንዲራ እስከ ግቡ መሃል 34 ሜትር ይሆናል። ጠንከር ብሎ የተሻማ ኳስ ይህን ርቀት ከአንድ ሰከንድ ተኩል እስከ ሁለት ሰከንድ ባለው ጊዜ ይጨርሰዋል። በዚያች ጊዜ ውስጥ ሩጫ የጀመረ አጥቂ 8 ወይም 9 ሜትር ይጓዛል። ቆሞ የሚጠብቅ ተከላካይ ግን አንድ ሁለት እርምጃ ቢሄድ ነው።

ችግሩ በሙሉ ከዚህ ይመነጫል። ቁመታቸው እኩል እንኳ ቢሆን እየሮጠ የሚዘለው ቆሞ የሚዘለውን ይበልጠዋል። በ2014 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ሊዝበን ላይ አትሌቲኮ ማድሪድ ዋንጫውን ሊያነሳ ሁለት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ሞድሪች ያሻማውን ኮርነር የሪያል ማድሪዱ ሰርሂዮ ራሞስ እየሮጠ መጥቶ በግንባሩ ያስቆጠረው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ዓመት እንደ አትሌቲኮ በጥንቃቄ የሚከላከል ቡድን ማግኘት ይከብድ ነበር። ሩጫው ግን አልተቋረጠም።

ከሕጉ ደግሞ አምስት ነገር ይታወቅ። ከኮርነሩ በቀጥታ ኳስ የሚቀበል ሰው ኦፍሳይድ አይሆንም፤ ከሁለተኛው ንክኪ ጀምሮ ግን ኦፍሳይድ ይሠራል። ኮርነር በቀጥታ ግብ ሊሆን ይችላል። ተከላካዮች ኳሱ እስኪመታ ከማዕዘኑ ቅስት 9.15 ሜትር መራቅ አለባቸው። ኳሱ ጨዋታ ውስጥ የሚገባው ተመትቶ በግልጽ ሲንቀሳቀስ ነው፤ ከዚያ በፊት መጎተት ማስጠንቀቂያ ወይም ካርድ ሊያስከትል ይችላል እንጂ ፍፁም ቅጣት ምት አያሰጥም፤ ከዚያ በኋላ ግን ያሰጣል። አምስተኛው አዲስ ነው፤ ከ2025/26 ጀምሮ በረኛ ኳስን በእጁ ከ8 ሰከንድ በላይ ከያዘ ለተጋጣሚው ኮርነር ይሰጣል። ዳኛው የመጨረሻዎቹን አምስት ሰከንዶች በጣቶቹ ይቆጥራል። እየመራን ሰዓት ለመግደል ኳስ አቅፎ መተኛት ከእንግዲህ በራስ ላይ ኮርነር መጥራት ነው።

አሥራ አንዱ ሰዎች

የቅርቡ ቋሚ የምንለው ኮርነሩ ከሚመታበት በኩል ያለውን ነው፤ የሩቁ ቋሚ ሌላኛው ነው።

በረኛው ከመስመሩ አንድ እርምጃ ወደ ፊት፣ ከግቡ መሃል በጥቂቱ ወደ ሩቁ ቋሚ ያዘነብላል። ወደ ፊት መሮጥ ወደ ኋላ ከመመለስ ስለሚቀል፣ ከሩቁ በኩል ቢጀምር ይሻለዋል። ሰውነቱን ሙሉ በሙሉ ወደ መቺው አያዙር፤ ትከሻው ግማሽ ወደ ሜዳው ይከፈት።

ቀዳሚው ከቅርቡ ቋሚ 2 ሜትር ያህል ወደ ኳሱ በኩል፣ ከግቡ መስመር 4 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። ረጅም መሆን የለበትም፤ ደፋር ይሁን እንጂ። ሥራው ከራሱ ቁመት በታች የሚመጣውን ሁሉ ማስቀረት ነው። ከራሱ በላይ የሚያልፈውን ይተወዋል። ይህን ሺህ ጊዜ ንገሩት። ወደ ኋላ እየዘለለ በፀጉሩ ነክቶ የሚያሳልፈው ኳስ ለተጋጣሚው የተመቻቸ ማቀበል ነው።

ሦስቱ ገጪዎች በአምስት ከሃምሳው መስመር ላይ ሳይሆን ከመስመሩ ግማሽ ሜትር ወደ ውስጥ ገብተው ይሰለፋሉ፤ አንዱ በቅርቡ ቋሚ ትይዩ፣ አንዱ በግቡ መሃል፣ አንዱ በሩቁ ቋሚ ትይዩ። በመካከላቸው 3.66 ሜትር ይኖራል፤ እያንዳንዱ በግራና በቀኙ አንድ ትልቅ እርምጃ ቢራመድ ክፍተቱ ይዘጋል። ወደ ውስጥ የገቡት ኳሱን ወደ ፊት ሄደው እንዲገጩት ነው። በመስመሩ ላይ ወይም ከመስመሩ አልፎ የቆመ ሰው ኳስ ከኋላው ሲወድቅ ወደ ራሱ ግብ እየሮጠ ይዘላል፤ በራስ ላይ የሚቆጠሩት ግቦች የሚመጡት እንዲህ ነው።

ከሦስቱ ምርጡን ገጪ ብዙ አሰልጣኞች መሃል ያቆሙታል። እኛ የቅርቡን ቋሚ እንመርጥለታለን። ወደ ቅርቡ ቋሚ የሚመጣ ኳስ ፈጣን ነው፣ ዝቅ ያለ ነው። እዚያ አጥቂ ቀድሞ ቢነካው የቀሩት ሁለቱ ገጪዎችና በረኛው ምንም ማድረግ አይችሉም። መሃል ላይ የሚወድቅ ኳስ ግን ረዘም ላለ ጊዜ አየር ላይ ስለሚቆይ በረኛውም ይደርስበታል። ሁለተኛው ምርጥ መሃል ይቁም። ሩቁን ቋሚ ለሚያስተውለው ሰው ስጡት፤ እሱ ኳሱንም ከኋላው የሚመጣውን አጥቂም እኩል ማየት አለበት።

ሦስቱ አዘግዪዎች ከግቡ ከ8 እስከ 10 ሜትር ባለው ቦታ፣ ማለትም በትንሹ ሳጥንና በፍፁም ቅጣት ምት ነጥቡ መካከል ይቆማሉ። እያንዳንዱ ከተጋጣሚዎቹ አደገኛ ገጪዎች አንዱን ይወስዳል።

አንድ ሰው በትልቁ ሳጥን ጠርዝ መሃል፣ 15 ሜትር ገደማ ላይ ይቁም። አንድ ሰው አጭር ኮርነር (ሳይሻማ አጠገብ ላለ ሰው የሚቀበል) ለመከላከል በኳሱ በኩል በትልቁ ሳጥን የጎን መስመር አጠገብ ይጠብቅ። የመጨረሻው ፈጣኑ አጥቂያችሁ ነው፤ መሃል ሜዳው መስመር አጠገብ ይቆያል። «ሁሉም ይመለስ» የሚል ፈተና በ90ኛው ደቂቃ ይመጣል። አትቀበሉት። እሱ እዚያ ሲቆም ተጋጣሚው ቢያንስ ሁለት ሰው ወደ ኋላ ማስቀረት ይገደዳል። እሱን ስትመልሱት ሁለቱ ተጨማሪ አጥቂዎች ሆነው ሳጥኑ ውስጥ ይገባሉ፣ በረኛችሁም በሰው ጫካ ውስጥ ኳስ ይፈልጋል።

ቋሚው ላይ ሰው ይቁም ወይስ አይቁም?

ከድሮ ጀምሮ ሁለቱም ቋሚዎች ላይ ሰው ማቆም የተለመደ ነበር። ሁለት ሰው መስመር ላይ ስታቆሙ ኳሱ ከሚገጭበት ቦታ ሁለት ሰው ትቀንሳላችሁ። ኳስ ከግቡ መስመር ላይ የሚወጣው ከስንት አንዴ ነው፤ ሳይገጭ የሚቀረው ኳስ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ እንደ መነሻ ማንንም አናቆምም።

በሁለት ሁኔታ ግን ሐሳባችንን እንቀይራለን። አንደኛው በረኛው አጭር ወይም ለመውጣት የሚያመነታ ሲሆን፣ ሁለተኛው መቺው ኳሱን ወደ ግብ አጥፎ የሚመታና ነፋሱም የሚረዳው ሲሆን ነው። ያኔ የትልቁን ሳጥን ጠርዝ ጠባቂ አምጥታችሁ ቅርቡ ቋሚ ላይ አቁሙት፤ በእጁ ቋሚውን እስኪነካ ይጠጋ። ጠርዙን ደግሞ ከአዘግዪዎቹ አንዱ ኳሱ እንደተገጨ ይውሰደው።

ቋሚው ላይ የቆመ ሰው አንድ ከባድ ግዴታ አለበት። ኳሱ ከሳጥኑ እንደወጣ ከሁሉም በፊት የሚሮጠው እሱ ነው። እሱ መስመሩ ላይ ከቀረ በሁለተኛው ማሻማት ተጋጣሚዎች በሙሉ ከኦፍሳይድ ነፃ ናቸው፤ ሌሎች ዘጠኝ ሰዎች በትጋት ወደ ፊት ቢወጡም ዋጋ የለውም።

ከመመታቱ በፊት

ኳሱ ከሜዳ ከወጣበት ቅጽበት ጀምሮ ማንም ጀርባውን ለኳሱ አይስጥ። በግንቦት 2019 አንፊልድ ላይ ሊቨርፑል ባርሴሎናን 4 ለ 0 ባሸነፈበት ጨዋታ አራተኛው ግብ የመጣው እንዲህ ነበር፤ ትሬንት አሌክሳንደር አርኖልድ ከኳሱ ዞር ያለ መስሎ ወዲያው ተመልሶ መታው፣ ባርሴሎናዎች ገና ቦታቸውን እየፈለጉ ሳለ ኦሪጊ ብቻውን አስቆጠረ። ለአጭር ኮርነር የተቀመጠው ሰው ይህን ይከላከላል፤ ኳሱ ሲወጣ በቀጥታ ሮጦ በ9.15 ሜትር ርቀት ከመቺው ፊት ይቆማል፣ ሌሎች እስኪደራጁ ድረስ።

ከዚያ በረኛው መቺውን ያያል። ከበረኛው በስተግራ ባለው ማዕዘን ግራ እግረኛ ከቆመ ኳሱ ወደ ግብ ይታጠፋል፤ ቀኝ እግረኛ ከቆመ ከግብ ይሸሻል። በስተቀኝ ባለው ማዕዘን ደግሞ ተቃራኒው ነው። በረኛው «ወደ ውስጥ!» ወይም «ወደ ውጪ!» ብሎ ይጮሃል። ወደ ውስጥ ከሆነ ሦስቱ ገጪዎች ግማሽ ሜትር ወደ ግቡ ይጠጋሉ፣ በረኛውም ከመስመሩ ብዙ አይርቅም። ወደ ውጪ ከሆነ ሁሉም አንድ ሜትር ወደ ፊት ይወጣሉ፤ ኳሱ ከእነሱ ስለሚሸሽ ሯጮቹ ፊት ለፊት ያገኙታልና። ሁለት ሰዎች ኳሱ ላይ ከቆሙ፣ አንዱ ግራ አንዱ ቀኝ፣ መሃከለኛውን ያዙ፣ መቺው ሩጫ ሲጀምር ተስተካከሉ።

ከዚያ አምበሉ ይቆጥራል። ሳጥኑ ውስጥ ስንት ናቸው? አምስት ከሆኑ አሰላለፋችን በቂ ነው። ስድስት ወይም ሰባት ከሆኑ የጠርዙ ሰው ይግባ። ሦስት ብቻ ከሆኑ አጭር ሊጀምሩ ነው ማለት ነው።

አዘግዪዎቹ እንዴት ያዘገያሉ?

የብዙ ቡድን ችግር እዚህ ነው፤ ሥራው ጠፍቶ ሳይሆን ትርጉሙ ተሳስቶ። አዘግዪ ኳሱን ለማሸነፍ ከሞከረ ሰውየውን ያጣል። የእሱ ስኬት አጥቂው ኳሱ ጋ በሙሉ ፍጥነት ሳይሆን ተንገዳግዶ፣ ግማሽ እርምጃ ዘግይቶ እንዲደርስ ማድረግ ነው።

በአጥቂውና በግቡ መካከል፣ በክንድ ርቀት ይቁም። እግሮቹ በትከሻ ስፋት ተከፍተው ጉልበቱ ይታጠፍ። አጥቂው ሲነሳ በመንገዱ ላይ ቀድሞ ደረቱን ያስገባ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት እርምጃዎች ካበላሸበት ሥራው ተፈጽሟል፤ ሯጭ ፍጥነት የሚሰበስበው በእነዚያ ነውና። እጆች ዝቅ ብለው፣ መዳፍ ተከፍቶ ይታይ። ማልያ መጎተት፣ በሁለት እጅ ማቀፍ፣ ኳሱን ጨርሶ ሳያዩ ሰው ላይ መጣበቅ ፍፁም ቅጣት ምት ነው፤ ቪዲዮ ዳኝነት ባለበት ሜዳማ አያመልጥም።

ማንን እንደምትይዙ ስትመርጡ በስም አትመሩ። በ1998 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ፈረንሳይ ብራዚልን 3 ለ 0 ስታሸንፍ ዚዳን ሁለት ግብ አስቆጠረ፤ ሁለቱም በግንባር፣ ሁለቱም ከኮርነር፣ አንዱ ከቀኝ አንዱ ከግራ የተሻማ። ዚዳን የሚታወቀው በእግሩ ነበር። በመጀመሪያው ኮርነር ወደ ኳሱ የሚሮጠውን እዩት፤ በሁለተኛው ያዥውን ቀይሩ። አንዱ ተጋጣሚ በአንድ ጨዋታ ሁለት ጊዜ ነፃ ሆኖ መግጨት የለበትም።

አሁን አሁን ቡድኖች በአንድ ቦታ ተሰብስበው፣ አንዳንዴም በሰልፍ ተደርድረው ይጀምራሉ፤ እንግሊዝ በ2018 የዓለም ዋንጫ ይህን ደጋግማ ተጠቅማበታለች። ዓላማው ያዦችን እርስ በርስ ማጋጨት ነው። እዚያ ክምር ውስጥ ገብታችሁ ሰው አትፈልጉ። ሦስቱ አዘግዪዎች ከክምሩ ፊት ለፊት፣ ከግቡ በኩል፣ ሁለት ሜትር ተራርቀው ይቁሙ። ሲበተኑ ወደ ቅርቡ ቋሚ የሚሮጠውን አንዱ፣ መሃል የሚመጣውን ሁለተኛው፣ ወደ ኋላ የሚዞረውን ሦስተኛው ይወስዳል። ማንነቱ አያስጨንቅም፤ መንገዱን ዝጉ።

በረኛው

ሁለት ቃል ብቻ ይበቃዋል። «የኔ!» ሲል ማንም አይነካም፤ «አውጣ!» ሲል እሱ መስመሩ ላይ ይቀራል። ቃሉ ኳሱ ከፍተኛው ቦታ ላይ ሳይደርስ መሰማት አለበት። ዝምታ ከሁለቱም የከፋ ውሳኔ ነው፤ ገጪው «ይወጣል» ብሎ ይተዋል፣ በረኛው «ይገጨዋል» ብሎ ይቀራል፣ ኳሱ በመካከላቸው ይወድቃል።

የመውጫ መለኪያው ይህ ነው፦ ኳሱ አምስት ከሃምሳው ውስጥ የሚወድቅ ከሆነና መንገዱ ክፍት ከሆነ ውጣ። ከዚያ ውጪ ከሆነ ቅር። ከወጣ በኋላ መቆም የለም፤ መሃል መንገድ ላይ የቆመ በረኛ ግቡንም ኳሱንም አጥቷል። ለመያዝ ሲዘል የፊተኛው ጉልበቱ ከፍ ይበል፣ ራሱንም ይጠብቅበታል። ዙሪያው ሰው ከበዛ መያዝ አይሞክር፤ በሁለት ቡጢ ተጣምሮ ኳሱን ከታች መትቶ ወደ ጎን ያርቀው። ከራሱ በላይ ወደ ሩቁ ቋሚ የሚሄደውን ኳስ በአንድ ቡጢ እዚያው ወደሚሄድበት ይጨምርበት፤ አቅጣጫውን ልቀይር ካለ ኳሱ መሃል ላይ ይወድቃል።

ተጋጣሚው አንድ ሰው በረኛው ላይ ይለጥፋል፤ ይህ ዛሬ የተለመደ ነው። በረኛው እሱን እየገፋ ጉልበቱን አይጨርስ፣ አምበሉም ከመመታቱ በፊት ለዳኛው በጨዋ ቃል ያመልክት። ቀዳሚውን ወይም አንድ አዘግዪን በረኛውና አጥቂው መካከል አስገቡ፤ ከበረኛው ፊት እንጂ ከኋላው አይሁን። ከኋላው ከሆነ በረኛው በሁለት ሰው መካከል ይጣበቃል።

በቀጥታ ወደ ግብ የሚታጠፈውን ኳስ በተመለከተ፣ ከ1924 ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። አርጀንቲናዊው ሴሳሬዮ ኦንሳሪ በወቅቱ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን በነበረችው ኡራጓይ ላይ ከኮርነር በቀጥታ አስቆጥሮ «ኦሊምፒክ ግብ» የሚለው ስም ከዚያ ወጣ። መድኃኒቱ የበረኛው የመነሻ ቦታ ነው፤ እየታጠፈ ለሚመጣ ኳስ ከመስመሩ ሁለት ሜትር የራቀ በረኛ እጁ አይደርስም።

ኳሱን ማውጣት

ከሳጥኑ ለማውጣት የሚገጭ ኳስ ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ በቅደም ተከተል ከፍታ፣ ርቀት፣ ወደ ጎን መሆን። ከፍታን ያስቀደምነው ያለ ምክንያት አይደለም። 8 ሜትር የወጣ ኳስ መሬት እስኪነካ ከሁለት ሰከንድ በላይ ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ መስመራችን ከ5 ሜትር ወደ 12 ሜትር ይወጣል። ጠንካራ ግን ዝቅ ያለ ኳስ በተቃራኒው ጠርዙ ላይ ለቆመ ሰው እግር የተመቸ ነው።

በአንድ እግር ተነስታችሁ ዝለሉ፤ ኳሱን ከመካከሉ በታች በግንባር ግጩት፣ ዓይን ተከፍቶ፣ አንገት ጠንክሮ። ቅርቡ ቋሚ ላይ ያለው ወደ መጣበት አቅጣጫ ይመልሰው። ሩቁ ቋሚ ላይ ያለው መንገዱን ሳይቀይር ወደ ሌላኛው ጎን ያሳልፈው። መሃል ያለው ከፍ አድርጎ ወደ አንዱ ጎን። ማንም ወደ ትልቁ ሳጥን ጠርዝ መሃል አይግጭ። በእግር ሲሆንም እንዲሁ፤ እዚያ ውስጥ ኳስ ማቆም የለም።

በግንቦት 1999 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ባርሴሎና ላይ ባየር ሙኒክ እስከ 90ኛው ደቂቃ 1 ለ 0 እየመራ ዋንጫ ያጣው በሁለት ኮርነር ነው፤ ሁለቱም ከማንችስተር ዩናይትዱ ቤካም እግር። የመጀመሪያውን ኳስ ባየሮች ነክተውት ነበር፣ ግን በደካማ ምት ወደ ትልቁ ሳጥን ጠርዝ አወጡት። ጊግስ መታው፣ ሸሪንግሃም አቅጣጫ ቀይሮ አስገባው። ሁለተኛው ላይ ሸሪንግሃም ኳሱን በግንባሩ አሳለፈው፣ ሶልሻየር ግቡ ፊት ብቻውን ነበር። ያልራቀ ኳስና አጥቂ ቀድሞ የነካው ኳስ፤ የኮርነር ሁለቱ ታላላቅ በሽታዎች በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተከታትለው ታዩ።

ስለዚህ ከተገጨ በኋላ ያለውን ከመጀመሪያው እኩል ተለማመዱት። ኳሱ እንደወጣ መሃለኛው ገጪ «ውጡ!» ይላል፣ ሁሉም አብሮ ይሮጣል። የጠርዙ ሰው ወደ ኳሱ ይሄዳል፤ ባይነጥቅ እንኳ ተጋጣሚው ራሱን ቀና አድርጎ እንዳያይ ያደርጋል። ተጋጣሚው ለመምታት እግሩን ሲያነሳ የጠርዙ ሰው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ሰውነቱን ያስገባ። ተጋጣሚው ኳሱን ወደ ኋላ ካቀበለ መውጣታችሁን ቀጥሉ፤ ፊቱን ወደ ግባችሁ አዙሮ ማንም ሳይጫነው ካገኘው ግን ቁሙ፣ ወደ ጎን ቆማችሁ ለማፈግፈግ ተዘጋጁ። ይህን ልዩነት ያላስተማረ አሰልጣኝ ተከላካዮቹ በጭፍን ሲወጡ ከኋላቸው ኳስ ይጣልባቸዋል።

አጭር ሲጀምሩ

ሁለት ሆነው ከመጡ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። አንድ ሰው ለሁለት ከላካችሁ የሚያሻማው ሰው ከተሻለ አቅጣጫ፣ ያለ ጫና፣ ለግቡ ይበልጥ ቀርቦ ያሻማዋል። ሁለተኛው ሰው ቀዳሚው ነው። እሱ ሲወጣ ቅርቡ ቋሚ ላይ ያለው ገጪ አንድ እርምጃ ወደ ኳሱ በኩል ይጠጋል፣ ሌሎቹም ይከተሉታል።

አጭሩ ኳስ ሲነካ መስመሩ በሙሉ ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ፊት ይውጣ። ምክንያቱ ጥሩ ነው፤ ኮርነሩን የመታው ሰው ብዙ ጊዜ እዚያው የግቡ መስመር አጠገብ ስለሚቆይ፣ ኳሱ ተመልሶ ሲሰጠው ኦፍሳይድ ነው። ግን ሁሉም አብሮ ከወጣ ብቻ!

አየሩና ሜዳው

ይህ በአገራችን የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ኳስ በሳሳ አየር ላይ ፍጥነቱን ቶሎ አይጥልም፣ ሲታጠፍም በጥቂቱ ነው። ዝቅ ካለ ቦታ የመጣ መቺ ኮርነሩን ደጋግሞ አርዝሞ ሩቁን ቋሚ ያሳልፋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ሩቁን ቋሚ የሚጠብቀው ገጪ ሥራ ይበዛበታል፣ ከአዘግዪዎቹም አንዱ ወደዚያ ይጠጋ። አንድ ቡድን ከአዲስ አበባ ተነስቶ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ድሬዳዋ ሲወርድ ተቃራኒው ይሆናል፤ ኳሱ ይበልጥ ይታጠፋል፣ ቶሎ ይወድቃል፣ የለመደው በረኛ አልፎት ይወጣል። ከጨዋታው በፊት በማሟሟቂያው ላይ በረኛው ከሁለቱም ማዕዘን ቢያንስ አምስት አምስት ኳስ ይሻማለት።

ክረምት ላይ ጭቃ ሜዳ ላይ ቆሞ መዝለል ያንሸራትታል፤ ረዘም ያለ ጥርስ ያለው ጫማ ይደረግ፣ በረኛውም ከመያዝ ይልቅ በቡጢ ይምታ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከአንዱ ጎል ፊት ለፊት በምትሆንበት ሜዳ አምበሉ በዕጣው ጊዜ ያስብበት።

ልምምዱ

በሳምንት አንድ ጊዜ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ከጨዋታው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ይሁን። 8 ኳስ፣ ከየማዕዘኑ አንድ መቺ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው 5 ደቂቃ አጥቂ የለም። ሰዎቹ ቦታቸውን ይይዛሉ፣ መቺው ኳሱን በእጁ ወይም በቀስታ በእግሩ ይልካል፤ እያንዳንዱ ኳስ የማን እንደሆነ በስም ይጠራል። ይህ ለብዙዎች ጊዜ ማባከን ይመስላቸዋል። የባለቤትነት ክርክር የሚያልቀው ግን እዚህ ነው። ቀጣዩ 8 ደቂቃ በአምስት አጥቂ ነው፤ ከግራ 5፣ ከቀኝ 5 ኮርነር። የመጨረሻው 7 ደቂቃ ኳሱ ከተገጨ በኋላ አይቆምም፤ አሰልጣኙ ጠርዙ ላይ ቆሞ ሁለተኛ ኳስ ይጨምራል፣ ተከላካዮቹ ኳሱ ከ25 ሜትር እስኪያልፍ ይጫወታሉ።

የግጭቱን ብዛት ቁጠሩ። በእንግሊዝ ከ2021/22 ጀምሮ በአዋቂዎች ልምምድ በሳምንት ከ10 የማይበልጥ ጠንካራ የጭንቅላት ግጭት እንዲደረግ ተመክሯል፤ በአሜሪካ ደግሞ 10 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ሕፃናት ኳስ በጭንቅላት እንዳይገጩ ተደርጓል። ታዳጊዎችን የምታሠለጥኑ ከሆነ ቦታ መያዝንና አነሳስን በእጅ በሚወረወር ቀላል ኳስ አስተምሩ።

ሰው ሲቀየርና ቀይ ካርድ ሲወጣ

ቦታዎቹን በቁጥር ጽፋችሁ መልበሻ ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ተቀያሪዎችም ከመግባታቸው በፊት «የአንተ መሃል ገጪ ነው፣ በኮርነር ጊዜ» ተብለው ቦታቸውን በአፋቸው ይድገሙ። ተጋጣሚው ኮርነር ሊመታ ሲል ተከላካይ አትቀይሩ፤ ጉዳት ካልሆነ በቀር ምቱ ይለፍ። መሃለኛው ገጪ ከወጣና የገባው አጭር ከሆነ አንድ ቦታ ይዘዋወራል፦ ሩቁ ቋሚ ላይ የነበረው መሃል ይመጣል፣ ረጅሙ አጥቂ ሩቁን ቋሚ ይወስዳል፣ አጭሩ ደግሞ ወደ ጠርዙ ይሄዳል።

በቀይ ካርድ አሥር ስትሆኑ የሚጎድለው መሃል ሜዳ ላይ የነበረው አጥቂ ነው፤ ዘጠኝ ስትሆኑ የአጭር ኮርነሩ ሰው፣ ሥራውም ወደ ቀዳሚው ይዛወራል። ቀዳሚው፣ ሦስቱ ገጪዎችና ሦስቱ አዘግዪዎች እስከ መጨረሻው አይነኩም።